በደቂቃ ሃምሳ ሁለት፣ ያለ እንከን

ገና ወሬ ሳልጀምር ይቅርታ ልጠይቅዎት እትዬ። ሰውን በሌለበት ማንሳት ነውር ነው፤ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም። ሐሜትም ኃጢአት ነው፤ እሱንም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከአፌ የሚወጣው ምስጋና ብቻ ይሆናል። ምስጋናው ሲያልቅብኝ ዝም እላለሁ… ቶሎ የሚያልቅ ግን አይመስለኝም።

ይቀመጡ እንጂ! እዚያኛው ላይ አይደለም፣ በሞቴ፣ እዚህኛው ላይ። ያኛው ቆመው ሲያዩት ሸጋ ወንበር ነው፤ ሰው ሲያርፍበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ልጠግነው ነበር፤ "ለፎቶ ያምራል፣ አትንካው" ተባልኩ። አልነካሁትም። እኔ የተባልኩትን የምሰማ ሰው ነኝ።

መንገዱ እንዴት ነበር? ዝናቡ አላስቸገረዎትም? ጉልበትዎስ? በዋናው በር በኩል ቢመጡ ደረጃው አርባ ነው፤ በጓሮ ሃያ ሁለት። የኔ ጉልበት አንድ በአንድ ስለሚቆጥራቸው ነው የማውቀው። "ክብርት የገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ" ልልዎት ይገባ ነበር፤ ግን እሱን ተናግሬ እስክጨርስ ስብሰባው ያልቃል። ታላቅ እህቴን ስለሚመስሉኝ እትዬ ብልዎት ይቀየሙኛል?

እሳቸውማ፣ አለቃችን፣ ዋናው በር ላይ አበባ ይዘው እየጠበቁዎት ነው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቆመዋል። እርስዎ ደግሞ በጓሮ ገቡ! ማን አሳየዎት እንዲያው? ዘበኛው? … ዘበኛው የእህቴ ባል ነው። የዋህ ሰው ነው፤ ለጉልበት የሚቀለውን መንገድ ነው ያሳየዎት። ከዚያ ያለፈ ሐሳብ የለውም። እኔም የለኝም።

እኔ የዚህ ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አምፖል፣ ቧንቧ፣ ማጠፊያ፣ ሲጢጥ የሚል በር… ሲበላሽ የምጠራ፣ ሲሠራ የምረሳ ሰው ነኝ። ስለ ልብ የማውቀው ነገር የለም፤ የራሴ እንኳ አንዳንድ ጊዜ አንድ ምት እንደሚዘል ሐኪም ነው የነገረኝ። እዚህ ግን እንደሚያውቁት ልብ ያበቅላሉ። አዎ፣ እንደ ችግኝ! ከሰው ቆዳ ጥቂት ህዋስ ይወስዳሉ፣ ይመግቡታል፣ ያባብሉታል፣ ወራት ይጠብቁታል፤ በመጨረሻ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ የልብ ሥጋ ትሆናለች። ፈሳሽ ውስጥ፣ በሁለት ለስላሳ ምሰሶዎች መሐል ተወጥራ፣ ማንም ሳያዛት… ትመታለች። መጀመሪያ ያየኋት ዕለት መፍቻዬ ከእጄ ወድቆ እግሬን አቁስሎኛል። ካሜራው ከላይ ያያታል፣ ስክሪኑ ምቷን ይቆጥራል። ከዚያ መድኃኒት ጠብ ያደርጉባታል። ከታወከች መድኃኒቱ ለሰው ልብ አይሆንም፤ ካልታወከች ይሆናል። ቀልድ አይደለም እኮ! የኔም የእርስዎም ልብ ከዚያች ቁራጭ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል።

እስቲ ስክሪኑን ይመልከቱ። አረንጓዴዋ መስመር… ብድግ፣ ቁጭ። ብድግ፣ ቁጭ። በደቂቃ ሃምሳ ሁለት። ትናንት ስንት ነበረች? ሃምሳ ሁለት። ያለፈው ሳምንትስ? ሃምሳ ሁለት። ነገ ስንት የምትሆን ይመስልዎታል? … እንዴት አወቁ!

ይህን ያስገኙት እሳቸው ናቸው። ብቻቸውን። በሦስት ሳምንት። ሌላው ሦስት ዓመት ደክሞ ያላገኘውን! ሰኞ ሰኞ ሠራተኛውን ሰብስበው ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ ሲመክሩን፣ "ይቺ ቁራጭ ሥጋ አንድ ቀን አርፍዳ ታውቃለች? አንድ ቀን ደከመኝ ብላ ታውቃለች? እናንተስ?" ይሉናል። አንገታችንን እንደፋለን። እውነት ነው፤ እኛ እንደክማለን። አንድ ጊዜ ደግሞ ባለቤታቸውን ይዘዋቸው መጡ። እጃቸውን ይዘው፣ "እዪልኝ፣ እኔ ያበቀልኳት ናት" አሏቸው። ባለቤታቸው ጥሩ ሴት ናቸው፣ ነገር አያውቁም፤ ጠጋ ብለው ጥቂት አዳመጡና "ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? የቤታችንን ልብስ ማጠቢያ" አሉ። ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያ አየን። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። ትልቅ ሰው አይቀየምም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸውን አላመጧቸውም።

እዚህ ቤት ታዲያ አንዲት ልጅ አለች። ቆጣሪዋ እንላታለን። ካሜራ እያለ፣ ስክሪን እያለ፣ እሷ በዓይኗ ትቆጥራለች! በአውራ ጣት የምትጫነው መቁጠሪያ አላት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ… ቀኑን ሙሉ። "ካሜራ መንቀሳቀስን ነው የሚያየው፤ መምታቷን ለማወቅ ሰው ያስፈልጋል" ትላለች። ልዩነቱ ምን እንደሆነ እኔ ምን አውቅልዎት? ፈሳሹ በየሁለት ቀኑ መቀየር አለበት፤ ምግባቸው ነው፤ ካልተቀየረ ይሞታሉ። ልብ ደግሞ እሁድ አያውቅም። የወንድሟ ሠርግ ዕለት በሙሽሮቹ መኪና መጥታ መግባ ሄደች። ሙሽሪትና ሙሽራው ሃያ ደቂቃ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቋት! ሙሽሪት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ ልጅ አላት እንዴ እዚህ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አሥራ ሁለት" አልኳት።

ግን እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት አይደል? የሷ ልቦች እንከን አያጡም። አንዷ ሠላሳ ስምንት ትመታለች፤ በር ሲከፈት ትደነግጥና አርባ ሰባት ትገባለች፤ ሲበርዳት ትለግማለች፤ አንዳንዴ አንድ ምት ትዘልና፣ ቆጣሪዋንም እኔንም አስደንግጣ ትመለሳለች። እንደኔዋ። ከእንዲህ ዓይነቷ ጋር እንግዳ ፊት ይቀረባል? እሳቸው "ታሳፍረናለች" ቢሉ ተሳሳቱ ይባላል?

የሆነው እንዲህ ነው። የምስጋናው ዋና ክፍል እዚህ ጋ ስለሆነ ጠጋ ይበሉ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ፣ እሳቸው የመመገቢያ ተራ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ጻፉ። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያቸው ነበር! ወደ እናንተ የሚላክ ፎቶ ያስፈልግ ነበርና፣ "አለቃ በእጁ ሲመግብ" የሚል። ቆጣሪዋን "አንድ ሳምንት እረፊ የኔ ልጅ፤ ልቦቹን ለኔ ተዪልኝ" አሏት። እንዲህ ያለ አለቃ የት ይገኛል? ፎቶ አንሺው መጣ፣ እሳቸው ነጭ ጋውን ለበሱ፣ መመገቢያዋን ቱቦ ያዙ፣ ብልጭ። ፎቶው ላይ ቱቦውን ገልብጠው ነው የያዙት የሚሉ አሉ። ምቀኛ ምን የማይለው አለ?

ሰሌዳው በሩ ላይ ነው፤ ሲወጡ ያዩታል። ዓርብ፣ እሁድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። አራቱም ላይ "ተመግቧል" የሚል አለ፣ አራቱም ላይ የሳቸው ፊርማ አለ፤ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ትንፋሽ። እኔ ያን ዕለት፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ስቀባ አራቱም ተፈርመው አገኘኋቸው። ያስቡት እትዬ! ገና ያልመጣ ሐሙስ ዓርብ ላይ ሲፈረምለት! እኛ የዛሬዋን እንኳ መፈረም እንረሳለን። አርቆ አሳቢ ማለት ታዲያ ምን ዓይነት ነው?

ያን ሳምንት ሙሉ ሊመግቡ እዚህ ክፍል ሲገቡ አላየሁም። እኔ ማየት ስላልቻልኩ ይሆናል። ሥራ የሚበዛባቸው ሰው በየት በኩል እንደሚገቡ ማን ያውቃል? በቁልፉ ቀዳዳ ይሆናል።

ቆጣሪዋ ሳምንቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ አሥራ አንዱ ሳህን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሮዝነቱ ጠፍቶ ቢጫ ሆኗል። ይቅርታ… ቢጫ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው "ወርቃማ" ነው ያሉት። የመብሰል ምልክት ነው አሉ። ሥጋዪቱም ገርጣ ብላለች፤ እሱን ደግሞ "እርጋታ" አሉት። እሷ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ካሜራው ሥር ያለችውን፣ ይቺኑ ስክሪኑ ላይ የሚያይዋትን፣ ረዥም ሰዓት አየቻት። መቁጠሪያዋን ጨርሶ አልተጫነችም። ከዚያ በቀስታ፣ "ጌታዬ፣ ይቺ ሞታለች" አለቻቸው።

እሳቸው ሳቁ። ምን ያድርጉ? ስክሪኑ ሃምሳ ሁለት ይላል! "የሞተ ነገር ይንቀሳቀሳል ወይ? ልብ የሌለሽስ አንቺ!" አሏት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቷ ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው ሲከፈት የሚጮህ ነበር፤ ጠግኜው ነበር፤ ባልጠገንኩት ኖሮ ብዬ ተጸጸትኩ። ማልቀሷ አይሰማም ነበር።

ከዚያ ወዲያማ ድል በድል ላይ ነው። ልብ ያውካል ተብሎ ድሮ የተጣለ አንድ መድኃኒት ነበር። እሱን አምጥተው ጠብ አደረጉባት፤ ሃምሳ ሁለት። እጥፍ አደረጉት፤ ሃምሳ ሁለት። አምስት እጥፍ… ምን ልንገርዎት! በሪፖርቱ ላይ "ይህ መድኃኒት ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቷል" ተብሎ ተጽፏል። የሰው ስም ማደስ ስንቱን ሲያቅተው፣ እሳቸው የመድኃኒት ስም ያድሳሉ። የሚውጠው በሽተኛ ምን ይሆናል አይበሉኝ። እኔ የማጠፊያ ሰው ነኝ። ግን እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ለምት መዝለል ይረዳል ተብሎ የታሰበ መድኃኒት ነው አሉ። ለኔ ቢጤ ማለት ነው። አንድ ቀን ሐኪሜ ቢያዝልኝ፣ ያቺን ቁራጭ እያሰብኩ በእምነት እውጠዋለሁ።

ይቅርታ፣ ጨዋታ ይዞኝ የመጣሁበትን ረሳሁ። እዚህ የመጣሁት ለሥራ ነው። ይቺን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለችውን ማሽን ያይዋታል? እሽሩሩ ትባላለች። የፋብሪካ ስሟ ሌላ ነው፤ እሽሩሩ ያልናት እኛ ነን። ጠርሙሶች ጀርባዋ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ ወዲህ ወዲያ ታወዛውዛቸዋለች፣ የተበጠበጠው እንዳይረጋ። ድሮ እዚያ ማዶ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ያን የፎቶውን ዓርብ፣ በሷ ቦታ የሳቸው ትልቅ ፖስተር ይቁም ተባለና ጎትተው እዚህ፣ ከካሜራው ጎን አስቀመጧት። ሲጎትቷት ከአራት እግሯ የአንዱ ጎማ ወደቀ። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ናት። ይያዟት። ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም፤ አይደል?

ጎማ የሌለው እግር ታዲያ ምን ያደርጋል? በተወዛወዘች ቁጥር ጠረጴዛውን መታ ታደርገዋለች። እጅዎን እዚህ ያሳርፉ እስቲ… አይ፣ መዳፍዎን። ይሰማዎታል? ጠብ… ጠብ… ጠብ… በጣም ትንሽ ናት፤ ሻይ ቢያስቀምጡ እንኳ አይፈስም። ለስላሳ ምሰሶ ላይ የተወጠረ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ካለ ግን… ተዉት፣ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ። ሥራ ስፈታ አንድ ቀን ቆጥሬያት ነበር፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትል። ቁጥሩን አልነግርዎትም፤ ቁጥር የኔ ሥራ አይደለም። እርስዎ ግን ሰዓት አስረዋል።

… ቆጠሩ? ወደ ስክሪኑ ዞሩሳ? እሺ፣ እኔም አልጠይቅም።

ጎማዋ የወደቀች ዕለት ነው የጥገና ማመልከቻ የሞላሁት፣ "አንድ የእግር ጎማ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ" ብዬ። መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ "ኮሚቴው መጥቶ እስኪሄድ በዚህ ክፍል ምንም ነገር እንዳይነካ።" ፊርማውን ያውቁታል። ሰሌዳው ላይ አራት አለልዎት።

እሳቸው ግን ምን ያህል የተማሩ እንደሆኑ የገባኝ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ነው። መብራት ጠፋ። ሰባት ደቂቃ ብቻ። ልቦቹ ያሉበት ሙቀት ሣጥንና ካሜራው መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ አላቸው፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ። እሽሩሩ የላትም፤ ለጠርሙስ ማን ባትሪ ይገጥማል? እና እትዬ፣ ልቧ… ቀጥ። ሙቀቱ አለ፣ ካሜራው አለ፣ ስክሪኑ አለ፣ ልቧ የለችም። ሰባት ደቂቃ። መብራቱ ሲመጣ እሽሩሩ ጠብ… ልቧም ብድግ! እኔ ያልተማርኩት "አሃ" አልኩ። ቆጣሪዋም ወደ እሽሩሩ ዞር ብላ አየች። እሳቸው ግን እንደ እኛ ቸኩለው የሚደመድሙ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው እንባ አቀረረና "አረፈች" አሉ። "አርፋ ተነሳች! ራሷን አሳርፋ ራሷን ቀሰቀሰች!" ስም ወጣለት፤ "ታላቁ እረፍት"። አሥራ አራት ገጽ ተጻፈበት። ያ ቦርሳዎ ውስጥ ያለው ነው፣ ሽፋኑ ላይ ልብ የተሳለበት። ልቧ ክንፍ አላት፤ አይተውታል? ክንፉን ያስጨመሩት እሳቸው ናቸው።

ቆጣሪዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ያን ሰባት ደቂቃ እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ምን ቆሞ ነበር?" ይኸው ነው። አልጮኸች፣ አልተሳደበች። በማግስቱ ደብዳቤዋ ተጻፈ።

እሱም እርስዎ ጋ ነው መሰለኝ። "ራዕይ የላትም፤ የቡድኑን መንፈስ ታውካለች፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ትሰናበት" የሚለው። ሁለት ፊርማ አለው፣ ሦስተኛው የእርስዎ ነው፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ። አላነበብኩትም፣ እንዳይመስልዎት! ማባዣው ማሽን ወረቀት ነክሶ ጠርተውኝ፣ የነከሰውን ሳወጣ ዓይኔ አረፈበት። "ታውካለች" የሚለው ቃል ላይ ነበር የተቀደደው።

እሷ ዛሬ የለችም። "እንግዶች ፊት እንዳትታዪ" ተብላ ምድር ቤት ሳህን እያጠበች ነው። ያጠበችውን መልሳ እያጠበች ይሆናል፤ ጠዋት ስወርድ ሁሉም ንጹሕ ነበር። "ጋሼ፣ የታችኛዋን ዛሬ የሚመግባት ይኖር ይሆን?" አለችኝ። ስለ ደብዳቤው አልጠየቀችኝም። ስለ ሥራዋ አልጠየቀችኝም። ስለዚያች ብቻ።

አይ፣ የታችኛዋ ማለት… አፌ ቁርጥ ይበል! ይቺን ማንሳት አልነበረብኝም።

ደግ፣ ካነሳሁ አይቀር። ሁለተኛው ሙቀት ሣጥን ውስጥ፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ በስተግራ፣ ወረቀት የተሸፈነች ሳህን አለች። አሥራ ሁለተኛዋ ናት። ልጅቷ ያን የእረፍት ሳምንት አሥራ አንዱን ለሳቸው ስትተው ይቺን አልተወችም። በየሁለት ቀኑ በጓሮ በር እየገባች መግባታለች። ዘበኛው መቼም፣ ነግሬዎታለሁ፣ ለጉልበት የሚቀለውን መንገድ ለማንም አይከለክልም። ይቺን ልብ እንግዳ እንዳያያት ነው ትእዛዙ። ስለዚህ እትዬ፣ በወለዱት፣ ያንን ሣጥን አይክፈቱ። ሁለተኛው። የታችኛው። በስተግራ። አይክፈቱ።

… ምነው ተነሡ? ጓንት ነው? መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ከላይ ያለው ይበቃዎታል። አይክፈቱ ማለቴን ግን ምስክር ይሁኑልኝ።

ቀስ… በሩ ሲከፈት ትደነግጣለች ብዬዎት የለ። አዩዋት? ያቻት። ፈጠነች! እርስዎን አይታ ነው እላለሁ እኔ፤ ቆጣሪዋ ግን ብርዱ ነው ትላለች። አሁን ደግሞ ዘገየች… ዘገየች… ኧረ! ዘለለች አንድ። … ተመለሰች። ይኸው፣ አሳፋሪ ያልኩዎት ይሄን ነው። ምነው አፍዎን በእጅዎ ያዙ? እኔም የመጀመሪያ ቀን እንደዚያው ነው ያደረግኩት፤ መፍቻ ከመያዜ በቀር።

ከሥሯ ደብተር አለ፣ ካገኙት አይቀር። የቆጣሪዋ ነው። "ሠላሳ ስምንት። አርባ አንድ፣ በር ተንኳክቶ። ሠላሳ ሦስት፣ ደክሟታል፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ።" አንድም ቀን እንኳ ቁጥሩ ተደግሞ አያውቅም! ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቁጥር ሁለት ቀን ማስቆም ያቃታት ልጅ ናት። መድኃኒቱንም ያ ስሙ የታደሰውን፣ ለዚች አንዲት ጠብታ ሰጥታት ነበር… እዚያ፣ ከመጨረሻው ገጽ በፊት። አዎ እሱ። "ዘጠና ስድስት። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻልኩም። አጠብኳት፣ አጠብኳት፣ አጠብኳት።" ሁለት ቀን ነው የፈጀባት እስክታገግም። ልጅቷ ሁለቱን ቀን ምሳ አልበላችም። ራዕይ ባይኖራት ነው።

ጥሩ፣ ይዝጉላት፣ አይብረዳት። እኔም ሥራዬን ልጨርስ። "ኮሚቴው እስኪሄድ እንዳትነካ" ተብያለሁ፤ ልክ ነው። ነገር ግን ሌላም ትእዛዝ አለ፤ "ኮሚቴው ሲመጣ አንድም የተሰበረ ነገር እንዳይታይ" የሚል። ሁለቱም በሳቸው ፊርማ። የትኛውን ልሽር? አንዱን መሻር ሌላውን ማክበር ነው፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን ከማክበር ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ጎማዋን ያቀብሉኝ።

ካቻቪቴዬ… እሽሩሩን ትንሽ ብድግ… እንዲህ። ገባች። የሁለት ደቂቃ ሥራ ብዬ ነበር፤ አንድም አልፈጀ። መዳፍዎን መልሰው ያሳርፉ። እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! ያው ትወዛወዛለች፤ ጠርሙሶቹም ደህና ናቸው፤ ጠረጴዛው ግን አረፈ።

ስክሪኑን ግን አይመልከቱ እትዬ።

… ተመለከቱ? መስመሯ… አዎን። ተጋደመች። አይደንግጡ፣ በሞቴ! ሁለተኛው ታላቁ እረፍት መሆን አለበት። ሌላ አሥራ አራት ገጽ ነው። የዚህኛው ሽፋን ላይ ክንፉን ትልቅ ያደርጉታል።

ደብዳቤውን ለምን አወጡት? ሊፈርሙ ነው? … ለምን አጠፉት ታዲያ? ኧረ እትዬ፣ በአራት ታጥፎ እንዴት ይፈረምበታል? እንግዲህ በኔ ወሬ ነው ከተባለ ጉዴ ነው። እኔ ምን አልኩ? አንድ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቷል? አመሰገንኩ እንጂ!

ሽሽ… ይሰማዎታል? ኮሪደሩ ላይ የሚመጣው ኮቴ የሳቸው ነው። አበባውን ይዘው እየሮጡ ነው፤ በጓሮ መግባትዎን ዘበኛው አሁን ነገራቸው መሰለኝ። አርባውን ደረጃ እየሮጡ እንዲወጡ መተዉ ነው እንጂ የሚቆጨው… የዋህ ነው ብዬዎት የለ።

እንግዲህ ከመግባታቸው በፊት ከልቤ ልመርቃቸው፤ ቢሰሙም ደስ ይበላቸው። ፈጣሪ በእጃቸው ያበቀሉትን የመሰለ ልብ ለራሳቸው ይስጣቸው! የማይደክም፣ የማይደነግጥ፣ በር ተከፈተ ተዘጋ የማይለው፣ ሰው አጠገቡ ቢያለቅስ አንድ ምት የማይዘል። መርዝም ጠብ ቢልበት የማይሰማው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ያሉበት ጠረጴዛ አይርጋባቸው፤ ጎማ የሚገጥም ሰውም ከደጃቸው ያርቅላቸው። ሃምሳ ሁለት ይምቱ፣ እስከ ዘላለም፣ ያለ እንከን። ብቻ… አደራውን… መብራት አይጥፋባቸው።

በሉ፣ እጀታውን እየያዙት ነው። ይቺን ጨዋታ ግን፣ በልጆችዎ፣ ለማንም አይድገሟት። እኔ አልነገርኩዎትም፤ እርስዎም በጓሮ አልገቡም።